ጆንያ የለበሰ ጎማ

ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስንሄድ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ነዳጅ አጥቶ ደጁ ስላቆማት መኪናው ሽማግሌ ጎረቤቱን ያማክር ነበር።

«ጋሼ፣ ጎማውን ፀሐይ እንዳያገኘው ብሸፍነው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ወላሂ እውነት ነው! ከኔ በላይ ምስክር አታገኝም።»

«እርስዎ ሸፍነው ያውቃሉ?»

«ያችን የግሸን ተሳላሚ የማመላልስባትን ቅጥቅጥ ታውቃት የለ? በጦርነቱ መንገድ ሲዘጋ አቆምኳትና ጎማዎቿን በሙሉ በጆንያ ጠቀለልኩ። ሰፈሩ ሳቀብኝ። ‹ብርድ እንዳይመታው ጋቢም ደርብለት› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የነሱን ጎማ ፀሐይ በላው፤ ተሰነጣጥቆ፣ ንፋሱ ወጥቶ መሬት ላይ ተኛ። የኔ እንደ አዲስ!»

«ማሻአላህ!»

«መሣሪያ የያዙትም ሲመጡ እንደዚሁ ተደነቁ። ሰፈሩን ሙሉ ዞረው መሄድ የምትችል አንዲት መኪና አገኙ።»

«ወሰዷት?»

«ታዲያ ያን ሁሉ የለፋሁት ቆማ እንድትቀር ነው? እንዲያውም ጎማው እንዴት እንዲህ ቆየ ብለው ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው።»

«ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም?»

«ምን ያስመልሳታል? ጎማዋ ደህና ነው፤ ገና ብዙ ትሄዳለች።»

«እና እኔ ምን ላድርግ ይላሉ?»

«አብሽር፣ ሸፍን እንጂ! ጆንያውን ከኔ ውሰድ፤ እሱን አጣጥፈው ትተውልኛል።»

ደሴ እስክንገባ ድረስ ከእግሬ ሥር የሚሽከረከረውን ጎማ ሳዳምጥ ሄድኩ።