ሕፃኑን ማን አሞቀው

በዳንዳስ ጎዳና በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ በስትሪትካሩ፣ ከፊቴ አንዲት እኩያዬ የሚሆኑ ሴትዮ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሐሙስ በትምህርት ቤቷ የፈረንጅ ገና መዝሙር ትዘምራለች፤ አያቷ ግን አልመጣም ብለዋታል።

«ጾም ነው ልጄ። የእኛ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።»

«እቴቴ፣ ኩኪውን አትበዪም። ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ።»

«ጭፈራ ነው አሉ።»

«አይደለም። እኔ ሶሎ አለኝ፤ ብቻዬን ነው የምዘምረው።»

«መዝሙሩ ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ።»

«እ… ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ ፈለጉ፤ ሁሉም ሰው ቦታ የለም አላቸው። ከዚያ ቤቢው ላሞች ቤት ተወለደ። በጣም ይበርዳል።»

«በረት ነው የሚባለው። ላሞቹስ ምን አደረጉ?»

«ምንም። ቆመው ያያሉ።»

«ቆመው ብቻ አላዩም። በትንፋሻቸው አሞቁት እንጂ።»



«እሱ ሶንጉ ላይ የለም።»

«ታዲያ ሕፃኑ በምን ሞቀው?»

«አላውቅም። ቲቸሬም አልነገረችንም።»

«ይኼን ሳታውቂ ነው የምትዘምሪው?»

«አሁን አወቅሁ። ስዘምር እሱን ቲንክ አደርጋለሁ።»

«ላሞቹን?»

«ላሞቹን። አህያም ካለ አህያውን።»

«አህያም አለ።»

«እሺ፣ እሱንም።»

ሴትዮዋ የልጅቷን የጃኬት ዚፕ እስከ አገጯ ሳቡላት።

«በይ ከፊት ወንበር ያዢልኝ። ዓይኔ ከሩቅ አያይም።»

ዝግጅቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ልጠይቃቸው ዳድቶኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም።