ባዶ ኮርቻ

እኔ ሰው ማንሳት አልወድም፤ ካሜራ ሲያይ ይገተርብኛል። የማነሳው ዛፍ፣ ውኃ፣ ወፍ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አዲሷን የኪስ ካሜራዬን ልሞክር ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወረድኩ። ሐይቁን ደጋግሜ አነሳሁት፤ ግን የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ወዲያው አንድ አዛውንት ከገበያ ሲመለሱ መጡና ከፈረሳቸው ወርደው ውኃውን ያዩ ጀመር። ቀይ ግላስ የለበሰው ፈረስ ከሐይቁ ፊት ቆሞ ሲታይ፣ የጎደለኝ እሱ ነበር!

«አባባ፣ እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ፈረሱን ብቻውን ላንሳው» ብዬ አንድ ፎቶ አነሳሁ።

አዛውንቱ ልጓሙን ጨብጠው አፈጠጡብኝ። «እንደተጫነ? ያለ እኔ?»

«አዎ፣ እንዲህ ነው የሚያምረው።»

«የማን ልጅ ነህ አንተ? የተጫነ ፈረስ ያለ ባለቤቱ ለሰው የሚታየው ለቅሶ ላይ ነው። እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

በድንጋጤ ይቅርታ ጠይቄ ፎቶውን ዓይናቸው እያየ አጠፋሁት። ፈረሳቸው ላይ ወጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «በል አሁን አንሳ» አሉኝ። አነሳኋቸው፤ እሳቸውም ተገተሩ።

የአገሬው ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት አጣሁት እያልኩ በእግሬ ስመለስ ትዝ አለኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ፈረሱን ጭነው በለቅሶው መሃል ሲያዞሩት አይቻለሁ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እየሳቅሁ ወደ ፈረሱ ሮጥኩ፤ ለእኔ የጫኑልኝ መስሎኝ።