«ጠፋ» የሚለው ቃል

በሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ለጥቂት ከመላተም ተረፉ። አንደኛው ሠላሳ ዓመት የካርድ ክፍሉን መዝገብ ሲጽፉ የኖሩት፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ መዝገቡ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላዋ የጎረቤታቸው ልጅ፣ አዲሷ የስታቲስቲክስ ባለሙያ።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?»

«ብጠፋስ ምን ይገርማል ልጄ፤ ግራ ገብቶኛል። መድኃኒቱን ከወሰዱት አርባ በሽተኞች ሃያ አምስቱ ሞተዋል ብሎ የሐኪም ቤቱ ቦርድ ሰኞ ሊያስቀረው ነው። ባለቤቴን ከአልጋ ያነሣት ይኸው መድኃኒት ነው! መዝገቡን የጻፍኩት ደግሞ እኔው፤ ማንን ልክሰስ?»

ልጅቷ በብብታቸው የያዙትን መዝገብ ተቀብላ ገለጠችው። ዘጠኙ ስም ላይ «ሞተ» ይላል፤ አሥራ ስድስቱ ላይ «ጠፋ»።

«እነዚህ ሞተው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! መምጣት ተዉ።»

«ቅድም እርስዎን ‹ምነው ጠፉ› ስል ሞቱ ማለቴ ነበር?»

ሽማግሌው መሳቅ ከጀላቸው፤ ግን ዓይናቸው ወደ አሥራ ስድስቱ ስም ተመለሰ። አንዱ በጥድፊያ የጻፈውን ቃል ሌላው እንደ ፍርድ ያነበዋል፤ ጥፋቱ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

«እንግዲያው ልሰርዛቸው!»

«እሱማ ይብሳል ጋሼ። ይቺ ሴትዮ ሦስት ዓመት በጤና ተመላልሳ ነው የቀረችው። እሷን ሲሰርዙ ሦስቱን ዓመት አብረው ቀበሩት።»

«ሞተች እንዳልል አላወቅሁ፣ አለች እንዳልል አላየኋት! ውሉ ጠፋብኝ እኮ። ሰው ወይ አለ ወይ የለም!»

«የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ፦ እስከዚህ ቀን በሕይወት ታይታለች። እስከዚያ ቀን ከነበሩት ጋር ትቆጠራለች፤ ከዚያ ወዲያ ከሟችም ከነዋሪም አትቆጠርም። ለምን እንደቀሩም ይጠይቁ፤ ሕመም ጠንቶባቸው ከሆነ የቀሩት፣ ሒሳቡ ያታልለናል።»

ሦስት ጊዜ አስረዳቻቸው፤ ሦስት ጊዜ ተከራከሯት። በመጨረሻ ብዕራቸውን አወጡ። የመጨረሻ ካርዳቸውን አገላብጠው ሲያዩም ከአሥራ ስድስቱ ሕመም ጠንቶበት የቀረ አልተገኘም።

ሰኞ ቦርዱ አዲሱን መዝገብ አየ። በሽተኞቹ የኖሩበት ዘመን በሙሉ ተቆጥሮ ሲቀርብለት መድኃኒቱ ይቀጥል አለ። የማያውቁትን አላውቅም ብሎ መጻፍ ስንፍና ሳይሆን የሰው ነፍስ የሚያተርፍ ትጋት መሆኑን ሁሉም ተረዳ።

ጋሼ ግን አሁንም ፊታቸው አልተፈታም። ብዕራቸው በሚስታቸው ስም ላይ ቆሟል።

«እሷስ? በየወሩ ትመጣለች። መጨረሻዋ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«እሷም እንደ እነዚያ ናት ጋሼ። መጨረሻዋን አናውቀውም።»

ደነገጡ። ከዚያ በቀስታ «እስከ ዛሬ በሕይወት አለች» ብለው ጻፉ።

«ነገስ?»

«ነገ ቀኑን ይቀይሩታል።»