የእናቴ ሁለት ስም

እንጀራዬ የጥንት ሰዎችን ስም ማገናኘት ነው። ግሪኮች በአንድ ስም፣ ፋርሶች በሌላ፣ ሕንዶች በሦስተኛ ስም የጻፉትን አንድ ተራ ሹም «ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው» ብዬ ጥናት አቀረብሁና የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በሙሉ አጨበጨበልኝ። በማግስቱ የእናቴን የቤት ካርታ ላሳድስ አብረን አራዳ ወዳለ ቢሮ ሄድን። መታወቂያዋ ጥሩነሽ ይላል፤ ካርታው ላይ ያለው ግን ሙሽራ ሳለች አማቷ ያወጡላት ስም ነው፣ የሻረግ።

«መምህር፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?» አለኝ ጸሐፊው።

«ምነው? ይችውልህ፣ ፊትህ ተቀምጣለች! እናቴ ናት!»

«ልጅ ለእናቱ አይመሰክርም። ሦስት ምስክር ያምጡ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ እኮ ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈውን ሰው ያለ አንድ ምስክር አረጋግጫለሁ!»

«ታዲያ ማንም አልተቃወመዎትም?»

«ማንም!»

«ሟቹማ በምን አፉ ይቃወም!» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «ተነስ ልጄ፣ እንሂድ። እኔንም ስሞት ታረጋግጠኛለህ።»