ቃሬዛ እንቢ ያሉት ግራዝማች

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ አርበኞች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አልቅሱ። ጠላት ከደምበጫ ተነሥቷል፤ ለክብራቸው ጥይት አንተኩስም። ለግራዝማች አለበል እንዲህ ያለ ቀብር አይገባም ነበር፤ ግን ምን እናድርግ?

ምን ዓይነት አለቃ ነበሩ? ታውቋቸዋላችሁ። ስንጓዝ ውለን ሰው ቤት ስናድር፣ ውሃ አሙቀው የተከታዮቻቸውን እግር ያጥቡ ነበር። የእኔን የየሽዋስን እግር አጥበዋል። "ጌታችን አጥቦ የለም ወይ፣ እኔ ማን ነኝ?" ይሉ ነበር። የእሳቸውንስ እግር ማን አጠበ? ወይዘሮ እቴናት፣ አብረውን የዘመቱት እርስዎ ይመስክሩ። ገበቴውን ይዘው ሲጠጉ፣ "ተይው እህቴ፣ እኔ የማጥብ እንጂ የምታጠብ አይደለሁም" አሉዎት። እኛም ትሕትና ነው ብለን ወደድናቸው።

ከዚያ በመጨረሻው ውጊያ ቁርጭምጭሚታቸውን ጥይት አገኛቸው። ነገሩን? አልነገሩንም። በጨርቅ ጠቅልለው መንገዱን ቀጠሉ። ሲያነክሱ አይተን ቃሬዛ ሠራን። ኃይለ ሚካኤልና እንዳላማው ትከሻቸውን አዘጋጁ። "ቃሬዛ ለሬሳ ነው፤ በልጆቼ ጫንቃ አልሄድም" አሉ። በእግራቸው ሄዱ። ደማቸው ድንጋዩ ላይ እየተንጠባጠበ ሄዱ። ባንዳው ያንን ደም ተከትሎ ጎህ ሲቀድ መጣብን። እንዳላማውን በዚያ ማለዳ አጣነው። እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ይኸው ቆመዋል። ምን ልበላቸው?

ሙት አትውቀስ አትበሉኝ። እኔም ተቆጥቻለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ግን ይህን ተናገር ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ሊሞቱ ሲሉ እግራቸውን ለወይዘሮ እቴናት ዘረጉ። ጨርቁ ሲፈታ እግሩ ጠቁሯል። እያለቀሱ ታጠቡ። "የሽዋስ፣ ጴጥሮስም እግሬን አታጥብም ብሎ ነበር። ጌታ ግን ካላጠብሁህ የእኔ አይደለህም አለው። እኔ ማጠቡን ብቻ ያዝሁ፣ መታጠቡን ናቅሁ። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ትዕቢት ነው። በመቃብሬ ላይ ንገርልኝ" አሉኝ።

ከወንዙ ማዶ ያሉት የአርበኞች አለቃ፣ ባላምባራስ ባዘዘው፣ አብረን እንዋጋ ብለው ሲልኩ፣ "የራሳችን ይበቃናል" ብለው የመለሱትም ግራዝማች ነበሩ። በመጨረሻ፣ "ይቅር በለኝ፣ ልጆቼን አድንልኝ" ብለው ላኩባቸው። መልስ አልመጣም።

ዛሬ እኔን አለቃ አድርጋችኋል። ያ ከማዶ የሚነሣው አቧራ የባላምባራስ ይሁን የጠላት፣ ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ብቻዬን አልችልም። የማላውቀውን መንገድ የሚያሳየኝ፣ ስሳሳት የሚመልሰኝ፣ ስወድቅ የሚሸከመኝ ሰው እፈልጋለሁ። እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እርዱኝ።

ግራዝማች፣ ይህችን "እርዱኝ" የምትል ቃል ለማለት ዕድሜዎን ሙሉ ፈጀብዎት። እኔ ጊዜ የለኝም። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ። እግዚአብሔር ነፍስዎን ይማር።

በሉ አፈሩን መልሱ፤ ፈጠን በሉ።