የጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ተራ

ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ያን ቀን ሮቤ ከሚገኘው ልብስ ሰፊያቸው ቤት ሲወጡ ደስታቸው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ደስ ቢላቸው ማን ይፈርድባቸዋል? በከተማው የሙያ ኮሌጅ ቦርድ ውስጥ ሕዝቡን የሚወክሉት የአቶ ዲማ የሥራ ዘመን ሊያልቅ ነው። በአገሩ ልማድ ደግሞ ያ ወንበር እንደ እድር ዳኝነት በተራ ይዞራል፤ ተራው የእሳቸው ነው። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተናግረዋል፤ ለሹመቱ ያሰፉትን ሱፍም ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

የኮሌጁ አጥር ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። የባሌ ዝናብ እንደሆነ ቀጠሮ አያውቅም። ሱፉን ደረታቸው ላይ አቅፈው በቅርብ ወዳዩት ግንብ ሮጡ፤ ዘው ብለው ገብተው ቀና ቢሉ ሰማይ። ቤቱ ጣሪያ የለውም።

«አካም ጂርቱ ጋሼ? ደህና ነዎት? ይምጡ፣ በጃንጥላዬ ይጠለሉ» አለቻቸው አንዲት ሴት። የጎረቤታቸው ልጅ ዙሀይራ ናት፤ ኮሌጁ ውስጥ የእርሻ መኪና ጥገና ታስተምራለች።

«ናጋዳ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ለመሆኑ የዚህን ቤት ጣሪያ ማን በላው?»

«እስካሁን ማንም አልበላውም፤ ከእንግዲህ ግን ተራው እንዳይበላው እፈራለሁ። ከአቶ ዲማ በፊት የነበሩት አዳራሽ ጀመሩ፤ ተራቸው አለፈና መሠረቱ ሣር በቀለበት። አቶ ዲማ ይህን የጥገና ቤት አስጀመሩ። የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ያላቸውም ማሽናቸውን እዚህ ሊያስጠግኑ፣ ልጆቹም በዚያው ሊለማመዱ ቃል ገብተውላቸዋል። እርስዎስ ምን ሊያሠሩ አስበዋል?»

«በር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትልቅ የግንብ በር።»

ዙሀይራ አልሳቀችም። ጨዋ ልጅ ናት። «በሩ ይቆየንና፣ አቶ ዲማ ጣሪያውን እስኪያስመቱ ዳግም ቢሾሙስ?» አለች።

«ስሚኝማ» አሉ ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «ሰው ወንበር ላይ ሲቆይ ርስቱ ያደርገዋል። ተራ ያበጀነው ለዚህ ነው። ደግሞስ አገር ሁሉ ሰምቶ፣ አሁን ምን ብዬ ልመለስ? መሳቂያ ልሁን?»

«ስጋትዎ ልክ ነው። አቶ ዲማ ለግመው ቢሆን ይውረዱ ባይዋ እኔ ነበርኩ። ዳግም መሾም ግን ርስት መስጠት አይደለም። ሕዝብ ፊት ቆመው ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ካረካን ይቀጥላሉ፣ ካላረካን ይወርዳሉ። እድር ላይ ማንም ቢዳኝ ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው። ኮሌጅን ግን ጅምር ይገድለዋል። ዘርተው፣ አርመው፣ ሊያጭዱ ሲሉ ‹አሁን ተራው የጎረቤት ነው› ቢባሉ ማሳዎን ይለቃሉ?»

«እንዴት ተደርጎ።»

«አምና ኮምባይነሩ እማሳዎ ላይ ሲቆም ጠጋኝ ከየት አመጡ?»

«ከአዲስ አበባ ነዋ። እስኪመጣ ስንዴዬ በዝናብ እዛላው ላይ በቀለ።» ያ ነገር ዛሬም ያንገበግባቸዋል። ጣሪያ አልባውን ቤት ዞረው ዞረው አዩት፤ ከዚያ በኋላ እስኪያባራ ድረስ ስለ በሩ አላነሱም።

ተወካዩ በሚሾምበት የሕዝብ ስብሰባ ቀን ሱፋቸውን ለብሰው ገቡ። ሰብሳቢው ተራው የእሳቸው መሆኑን ሲናገር ተነሡ።

«ተራዬ ከሆነ እንግዲህ ልናገርበት። አቶ ዲማ የሠሩትንም ያልሠሩትንም ይንገሩን፤ መልሳቸው ካረካን እሳቸው ይቀጥሉ። እኔ ያሰብኩት በር ነበር። ጣሪያ የሌለው ቤት በር ምን ያደርግለታል?»

ስብሰባው በሳቅ ሞላ፤ የተሳቀው ግን በእሳቸው አልነበረም። ቆርቆሮው ለምን ዘገየ ብለው አቶ ዲማን አጥብቀው የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። አቶ ዲማ መለሱ፤ ሕዝቡም ዳግም ሾማቸው።

ጣሪያው ከአጨዳ በፊት ተመታ። ዘንድሮም ኮምባይነሩ በጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ማሳ ላይ ቆመ፤ የዙሀይራ ተማሪዎች ግን ያንኑ ቀን አስነሡት፤ ስንዴው ሳይረጥብ ጎተራ ገባ። የጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። የአገሩ ልጆችም ሙያ ይዘው እዚያው ሥራ አገኙ። አንድ ጅምር እስኪያልቅ መታገሥ ይህን ሁሉ አመጣ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማናልበሽ «ያ ሱፍ እንግዲህ ለምን ተሰፋ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸው ግን ሮቤ ሲወጡ ይለብሱታል፤ ዝናብ ከያዛቸውም የቅርቡን ሱቅ ሁሉ አልፈው እዚያው ጥገና ቤት ይጠለላሉ።