ለከባዱ ጥቁር ናፍጣ የፈረምኩ ዕለት

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ልዑልቃል፣ የቦይለር ክፍል ልጆቼ፤

ለእኔ መሸኛ ብላችሁ ቦይለሩን አጥፍታችሁ፣ የዘይት መጭመቂያውን አቁማችሁ ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ቦይለር ቆሞ ማንም ያልተቆጣኝ ዛሬ ብቻ ነው።

ከአዋሳ ወደ ጂንካ ስመጣ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብዬ ነበር። ጂንካ ግን ሚስት ሰጠችኝ፣ ልጆች ሰጠችኝ፣ እናንተን ሰጠችኝ። ውባንቺ እዚያ ተቀምጣ የምትስቀው በሠርጋችን ቀን በጆሮዬ ያለችኝ ትዝ ብሏት ነው፦ "ዛሬም ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ!"

እንግዲህ ስለዚሁ ናፍጣ አንድ ነገር ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ብዙዎቻችሁ ማሸጊያ ክፍል ናችሁና ላስረዳ። እንፋሎት ለሚያፈላልን ቦይለር የሚሆን ነዳጅ ሦስት ዓይነት ነው። ነጩ ናፍጣ መኪና የሚነዳበት ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ወዲያው ይቀጣጠላል። ቀላሉ ጥቁር ናፍጣ ጥቂት ሙቀት ይበቃዋል። ከባዱ ጥቁር ናፍጣ ግን እንደ ረጋ ማር ነው። በደንብ ካልሞቀ አይረጭም፤ ካልተረጨ አይነድም። የሚያሞቀው ደግሞ መብራት ነው። የጂንካን መብራት ታውቁታላችሁ!

በ2014 ሚያዝያ ነጭ ናፍጣ ጠፋ። ያለችውም ለአምቡላንስና ለአውቶቡስ ነበረች። አሥራ አንድ ቀን ቆምን። ሰማንያ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቶ ልዑልቃል ጠሩኝ።

"ከባዱ በሦስት ቀን ይደርሳል። ቀላሉ ግን ሁለት ወር ይፈጃል። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ይምረጡ" አሉኝ።

"ጄኔሬተራችን ፓምፑንና ማራገቢያውን እንጂ ማሞቂያውን አይችልም። መብራት ቢጠፋስ?"

"በእንፋሎት የሚሠራ ማሞቂያ አዝዣለሁ። ሁለት ወር ከቆምን ግን ይህ ፋብሪካ ተመልሶ አይከፈትም።"

እውነታቸውን ነበር። እኔም እውነቴን ነበር። ይህ ምርጫ ይባላል? "ለቦይለሩ ተስማሚ ነው" በሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሰማንያዎቹ ሲመለሱ በሩ ላይ እልል ተባለልኝ። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ደህና ሠራን። በሃያኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ነዳጁ ግን ቀዘቀዘ። ነዳጁን ወደ ምድጃው የሚረጨው በርነር መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ እሳቱ ጠፋ። ተረኛው መኮንን ነበር። የቀይ አፈር ልጅ፣ ከሁላችንም ጠንቃቃው መኮንን። መብራቱ እስኪመለስና ነዳጁ እስኪሞቅ ጠበቀ፤ ማራገቢያውን ከፍቶ ምድጃውን አናፈሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሽ እውነቱ፣ ላቀጣጥል?"

"አቀጣጥል" አልኩት።

አንዲት ቃል። ምድጃው ሆድ ውስጥ የተንጠባጠበው ናፍጣ በጋለው ጡብ ላይ ገና ይተን ነበር። እኔም አላየሁትም፣ እሱም አላየውም። ትነቱ በአንዴ ፈነዳ፤ የምድጃው መመልከቻ በር ተፈንቅሎ እሳቱ ወጣ። መኮንን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ፊቱ ተረፈ።

ባለቤቱን ከበቡሽን ታውቋታላችሁ፤ እኛው ጋ ማሸጊያ ላይ ናት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አገኘኋትና "ይቅር በዪኝ" አልኳት።

"ጋሼ፣ ባትፈርም ኖሮ እኔም እሱም ሥራ የለንም። ስለፈረምክ እጁ ተቃጠለ። ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?"

ምን ልበላት?

የእንፋሎት ማሞቂያው በስምንት ወሩ መጣ። የመኮንን ጣቶች ግን አይጨበጡም። አሁን በር ላይ ተመድቦ ጠዋት ጠዋት "ደህና አደራችሁ" ይለናል፤ ስንጨብጠው የእጁን አንጓ ይሰጠናል። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኛም ያንኑ ከባዱን እያነደድን ነው፤ ሌላው አይደርሰንማ።

ትናንት ቁልፍ ሳስረክብ ተተኪዬ ኢንጂነር ሃዊ ጠየቀችኝ፦ "ጋሽ እውነቱ፣ ያ ቀን በእኔ ላይ ቢመጣስ? የቱን ልምረጥ?"

ልጄ፣ ትናንት ቁልፉን ብቻ ሰጥቼሽ ሄድኩ፤ ዛሬ በሰው ፊት ልመልስ። አላውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሳቱ ሳይታሰብ ከጠፋ ምድጃውን ከፍተሽ በዓይንሽ ሳታዪ፣ ጡቡም ሳይቀዘቅዝ፣ ማንም ቢቆጣሽ "አቀጣጥል" አትበዪ። ይቆጡ። ይጠብቁ።

አቶ ልዑልቃል፣ እርስዎን አልከስም፤ ያን ቀን አብረን ነበር የጨነቀን። መኮንን፣ ወንድሜ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ መልስ ባትሰጠኝም አልቀየምም።

እናንተ ሁላችሁ፣ እግዚአብሔር ከሁለት ክፉ አንዱን ከመምረጥ ይሰውራችሁ። ልጆቻችሁ ከእኛ የተሻለ ይግጠማቸው። ጠዋት የገባችሁበት በር ማታ በሙሉ አካላችሁ ያስወጣችሁ። አሜን በሉኝ።